ሚስተር አስክዊዝ ሳይፈትሹ ያሳለፉት ቃል

እንግሊዝ አገር ውስጥ ፊደል ባየ ቁጥር ቃል ካላወጣሁበት ብሎ የሚታመም ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ለእኛ ለዮርክሻየሮቹ የደረሱን ክቡር ኖርማን አስክዊዝ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ማንም ያልሾማቸው የቃላት ዳኛ።

ሹፌር ሳሉ ከፊታቸው ያለውን መኪና ታርጋ አንብበው ፊደላቱን በቅደም ተከተል የያዘ ቃል ሳያገኙ እረፍት አልነበራቸውም። ቲ፣ ፒ እና ኤች ካዩ «የእግረኛ መንገድ!» ብለው በእንግሊዝኛ ይጮኻሉ። ተሳፋሪው ሁሉ አውቶቡሱ የእግረኛ መንገድ ላይ የወጣ መስሎት ወንበሩን ጨምድዶ ይይዛል።

ባለቤታቸው ዶሪን አንድ ቀን «ኖርማን፣ አዳምጠኝ እንጂ!» ቢሏቸው፣ «ታውቂያለሽ ዶሪን፣ በእንግሊዝኛ ‹አዳምጥ› እና ‹ጸጥ ያለ› የሚጻፉት በእነዚያው ስድስት ፊደላት ነው» አሏቸው።

«ጎሽ! እንግዲያው ሁለቱንም አድርግ።»

ባለፈው መኸር ደግሞ ጎረቤታችንን ክሊፎርድ ሆልሮይድን ስንቀብር፣ ቄሱ እየጸለዩ ሳለ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «የኔ ልጅ፣ ‹ቀብር› የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃላችንን ፊደላቱን ብታገለባብጫቸው ‹እውነተኛ ጨዋታ› ይወጣቸዋል።» ሳቄ አመለጠኝ። የሟቹ ሚስት ዊኒፍሬድ ዞር ብላ አየችኝ። ሚስተር አስክዊዝም እኔን በወቀሳ እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

እኔ የምሠራው በከተማችን ቤተ መጻሕፍት ነው። ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አሥራ ሁለት ሰዎች እዚያ ተሰብስበው ከከረጢት ፊደል እያወጡ ሰሌዳ ላይ ቃል ይገጥማሉ። ቃሉ የሚያጠራጥር ከሆነ ተጋጣሚ «መዝገቡ ይምጣ!» ይላል፤ መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ካልተገኘ ቃሉ ይነሣል፣ ነጥቡም ይቀራል። ሌላው ሰው ይህንን በዓመት አንዴ ቢለው ነው። ሚስተር አስክዊዝ ሻያቸው ሳይቀዘቅዝ ሦስት ጊዜ ይሉታል። የዘጠና ዓመት አሮጊት አስለቅሰዋል። ዋንጫውንም ስድስት ዓመት በተከታታይ ወስደዋል።

ዘንድሮ ለፍጻሜ የደረሰችባቸው ዊኒፍሬድ ነበረች። ከቀብሩ በኋላ ወር ያህል ከቤት አልወጣችም፤ መጥታ መጫወቷ ራሱ ደስ ብሎን ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ በጥቂት ነጥብ እየተመራች፣ የቀሯትን ፊደላት እጥፍ በሚያስቆጥረው ቦታ ላይ ደረደረቻቸው፦ «ቲቢን»፣ በእንግሊዝኛ ፊደል በሁለት ቢ።

ሁላችንም ተያየን። ካልተነሣባት ዋንጫው የእሷ ነው። እኔ መዝገበ ቃላቱን ከመደርደሪያው አወረድኩ።

«ምን ማለት ነው?» አሉ ሚስተር አስክዊዝ።

«የዳቦ ጫፍ ነዋ» አለች ዊኒፍሬድ። «ክሊፎርድ እንደዚያ ነበር የሚለው። ጫፉን ስለምወድ ሁልጊዜ ለእኔ ነበር…» ብላ ቆመች። ፊቷ ቀላ። ቃሉ ከእነሱ ቤት ውጭ ተሰምቶ እንደማያውቅ ያን ጊዜ ገባት።

ሚስተር አስክዊዝ ሰሌዳውን አዩ። እጄ ላይ ያለውን መዝገብ አዩ። አፋቸውን ከፈቱ፤ እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ሁለቱን ቢ አሳንሰሽ ቆጥረሻቸዋል፣ ዊኒፍሬድ» አሉ። «ከእጥፉ ጋር ሃያ ነው።» እርሳሳቸውን አንሥተውም ነጥቧን ጻፉላት።

በር ላይ ደረስኩባቸው። «ሚስተር አስክዊዝ፣ እንዲህ የሚባል ቃል የለም እኮ!»

«መዝገቡ የእነ ክሊፎርድን ወጥ ቤት የት ያውቀዋል?» ባርኔጣቸውን ደፉ። «ደግሞ ለዶሪን እንዳትነግሪብኝ። ሐኪም ትጠራብኛለች።»

ዊኒፍሬድ ዋንጫውን በሁለት እጇ አቅፋ ወጣች። ሁሉም ሲሄዱ እኔ ብቻዬን ቀረሁ። መጽሐፍ ላይ ያሰመረ አንባቢ ሳገኝ ደሜ የሚፈላ ሴት ነኝ። መዝገበ ቃላቱን ከፈትኩ፤ የቲን ገጽ ፈልጌ ኅዳጉ ላይ በማይጠፋ ቀለም ቃሉን ከነትርጉሙ ጻፍኩት። ማንም መጥቶ ቢፈትሽ እኒያ ክፉ ሽማግሌ አይዋረዱብኝም።