ባልዱር የተባለው ፈረስ ያለ ትእዛዝ ስለ መቆሙ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

የሃንከንሞር መንደር የፈረስ ግልቢያ ማኅበር ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ፣ መጋላው ባልዱር ባለፈው እሑድ በድሬሳዥ (ፈረስ በጋላቢው ትእዛዝ አረማመዱን የሚያሳይበት) ውድድር ዳኞች ፊት በልዝብ ግልቢያ ላይ ሳለ ያለ ማንም ትእዛዝ ቀጥ ብሎ መቆሙን በጥልቅ ሐዘን ያስታውቃል።

ቀን፦ ሐሙስ ሜይ 21፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት
ቦታ፦ ከግልቢያው አዳራሽ ጎን ያለችው የማኅበሩ ክፍል፣ መስኮቷ ወደ አዳራሹ ተከፍቶ

የተገኙ፦
1. አቶ ኦኖ ሃርተንስ፣ ሊቀ መንበር
2. አቶ ኤገርት ዶርን፣ አሠልጣኝ
3. ወይዘሮ ቪብከ ሉርስ፣ የባልዱር ባለቤት (ግልቢያውን ለማሳየት ሲሉ ከኮርቻ ሳይወርዱ በመስኮቱ በኩል የተሳተፉ)
4. ጸሐፊው
5. ባልዱር

ምልዓተ ጉባኤ፦ ደንቡ አምስት አባላት ይጠይቃል። አራት ብቻ በመገኘታቸው፣ ሊቀ መንበሩ ባልዱር በማኅበሩ 25ኛ ዓመት በዓል የክብር አባልነት እንደ ተሰጠው አስታውሰው፣ "ይኸው ይታያል አይደል? ቁጠረው!" ስላሉ ተቆጥሯል።

አጀንዳ 1፦ የግልቢያው ጥራት

አሠልጣኙ ግልቢያው "ከፊት ንጉሥ፣ ከኋላ ድንች የጫነ ጋሪ" መሆኑን ገለጹ። ወይዘሮ ቪብከ በመስኮቱ ሲያልፉ፣ "የሱን ኋላ ለኔ ተወውና አንተ መጀመሪያ የራስህን..." ካሉ በኋላ ስለራቁ ቀሪው አልተሰማም። ዞረው ሲመለሱ "...ወገብ አቅና!" በማለት ንግግራቸውን አጠናቀዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ የኋላ እግሮቹ ከፊተኞቹ ጋር እንዲስማሙ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ባልዱር ተቃውሞ አላሰማም።

አጀንዳ 2፦ ሽግግር (ከአንድ አረማመድ ወደ ሌላው ወይም ወደ መቆም ማለፍ)

ሊቀ መንበሩ እሑድ የሆነውን በዓይናቸው እንዳላዩ፣ በዚያች ቅጽበት ሜዳው ዳር ወዳለው መጸዳጃ ሄደው እንደ ነበር፣ ሆኖም የፈረስን ስንፍና ለማወቅ ማየት እንደማያስፈልግ አስረዱ። ስለዚህ በመጪው እሑድ ከጎረቤት መንደር ጋር በሚደረገው ውድድር በወይዘሮ ቪብከ ፋንታ የእሳቸው የሊቀ መንበሩ የእህት ልጅ ስቬያ እንድትሰለፍ ሐሳብ አቀረቡ።

ወይዘሮ ቪብከ ባልዱር ማርጀቱን፣ ከመጪው እሑድ በኋላ መስክ ላይ ጡረታ እንደሚወጣ በሦስት ዙር አስረዱ። "ኦኖ፣ ይሄን ፈረስ ሰነፍ አስብዬ አላሰናብተውም" ማለታቸው እንዲመዘገብላቸው ስለጠየቁ ተመዝግቧል። በሁለት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ፣ ጸሐፊው እጁ ብዕር ስለያዘ ሳያወጣ፣ ወይዘሮ ቪብከና ባልዱር ከቡድኑ እንዲወጡ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ያልተያዘ

አዳራሹ ውስጥ ፈረስ እየተጋለበ ጮኸው ሳይጠይቁ በር መክፈት ክልክል ነው፤ ጥያቄው ሲሰማ የሚጋለበው ፈረስ ይቆማል። በዚሁ መሠረት የሊቀ መንበሩ ባለቤት፣ አባል ያልሆኑት ወይዘሮ ሂልትሩድ፣ የቅቤ ኬክ ይዘው ደርሰው ከውጭ "በሩ ነጻ ነው?" ሲሉ ጮኹ። ባልዱር ከግልቢያው ወደ መቆም በአንድ እስትንፋስ ተሸጋገረ፤ አራቱ እግሮቹ እንደ ጠረጴዛ ተተከሉ። አሠልጣኙ "ዕድሜ ልኬን እንዲህ ያለ ሽግግር አላየሁም!" ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ የአዳራሹ በር ተነቅሎ እሑድ ዳኞቹ ፊት እንዲተከልም ሐሳብ አቀረቡ። ማጠፊያው ሲጢጥ ይላል በሚል ክርክር ከተደረገበት በኋላ፣ ዘይት ተቀብቶ እንዲሄድ ተወሰነ።

ወይዘሮ ሂልትሩድ ኬኩን እየቆረሱ፣ "ምኑ ይገርማል? ያለፈው እሑድም ይሄ ባሌ መጸዳጃው በር ላይ ቆሞ፣ እንደለመደበት 'በሩ ነጻ ነው?' ብሎ ሲያንባርቅ ሜዳው በሙሉ ሰምቷል" አሉ።

ሊቀ መንበሩ ኬኩን መመርመር ጀመሩ። ወይዘሮ ቪብከ ባልዱርን ወደ መስኮቱ አስጠግተው፣ "ደሞስ ኦኖ፣ ለቡድኑ ያልበቃ ፈረስ ለምልዓተ ጉባኤው እንዴት በቃ?" ሲሉ ጠየቁ። ሊቀ መንበሩ አረቄ እንዲቀዳ አዘዙ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ባልዱር ከቆጠራው ወጥቷል። ምልዓተ ጉባኤ ስላልነበረ፣ የእግሮቹን ስምምነትና የበሩን ጉዞ ጨምሮ ከላይ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠራል፤ ወይዘሮ ቪብከና ባልዱር እንደ ነበሩ እሑድ ይሰለፋሉ። ኬኩ ስለተበላ ሊሻር አልቻለም።

ስብሰባው ከምሽቱ 3 ሰዓት ተበተነ፤ ፈረሱ ቀድሞ ወጣ።

ማረሚያ፦ በመግቢያው ላይ "ያለ ማንም ትእዛዝ" የተባለው "በሊቀ መንበሩ ትእዛዝ" ተብሎ ይነበብ።