የጨረቃ ባሕርና የእኔ በቅሎ

የደብረ ታቦር ሰው ሙግት ካጣ እህል አይወርድለትም። ድንበር ያለው በድንበሩ ይሟገታል፤ የሌለው የጎረቤቱን ድንበር ተውሶ ይሟገታል። አትሳቁ፣ እናንተም ታውቁታላችሁ። እኔ ግን ሰማይ ድረስ ወጥቼ በጨረቃ ተሟገትሁ።

ንጉሡ ጋፋት ላይ መድፍ በሚያሠሩበት ዘመን ለምድጃው ከሰል አቀርብ ነበር። ከናስ አቅላጮቹ አንዱ ፈረንጅ ሩቅ የሚያሳይ መነጽር ነበረው። አንድ ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ግማሽ ጨረቃ ወጥታ ለእኔና ለጎረቤቴ ለአያ ድረስ አሳየን። ጨረቃዋ ላይ ያለውን ጥቁር ሜዳ "ባሕር እንለዋለን" አለ።

አያ ድረስ ቃሏን ቀለቧት።

"ባሕር ከተባለማ ውሃ ነው! ሌላ ጣና ነው!"

"ውሃ አይደለም አያ፤ ቀልጦ የረጋ ድንጋይ ነው" አልኋቸው። በቅርቡ የቀለጠ ናስ አፈትልኮ አንድ ክብ ጉድጓድ ሞልቶ ሲረጋ አይቼ ነበር፤ ሜዳው ቁርጥ እሱን ይመስላል።

"በቅሎ እሰጥ!" አሉ፤ የተረታ በቅሎውን ይክፈል ማለታቸው ነው።

"አገባ!" አልሁ፤ ምላሴ ቀደመችኝ። ያለችኝ አንዲት በቅሎ ናት፤ በዚህ በሚያመኝ ጉልበቴ ያለ እሷ ሐሙሲት ገበያ አልደርስም።

ከሰሉን ሊያዩ የመጡት ጭቃ ሹማችን እዚያው ዳኛ ሆነው ተቀመጡ። አያ ድረስ "ባለ መነጽሩ ራሱ ባሕር ብሏል!" ሲሉ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ እውነት ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ። በቅሎዬን አየኋት፤ ከዚያ መነጽሩን እንደገና አነሣሁ።

"በሉ ልበልዎ!"

"በል!"

"ጣና ላይ ጉድጓድ ቆፍረው ያውቃሉ?"

መነጽሩን ወደ ጨረቃ አቅንቼ ቀጠልሁ።

"እዚህ ባሕር መካከል ክብ ጉድጓድ አለ። ድሮ ድንጋይ ከሰማይ ወድቆ ሰፊ ጉድጓድ አበጀ፤ ከሥር የቀለጠ ድንጋይ ፈልቶ ሞላው፤ ከረጋ በኋላ ደግሞ ሌላ ድንጋይ ወደቀበት። ውሃ ቢሆን ኖሮ ጉድጓዱ ይዋጥ ነበር።"

ጭቃ ሹሙ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩ። "ጉድጓድ አለ፤ ጥላም ጥሏል" አሉ። ፈረንጁም ሳቀና "ስሙ ነው እንጂ ውሃ የለውም" አለ።

ረታሁ! በደስታ ፎከርሁ፤ ጉልበቴንም ረሳሁት። በሙግት ወግ የተረታ የሚከፍለው ለዳኛ ነውና የአያ ድረስን በቅሎ የወሰዱት ጭቃ ሹሙ ናቸው። "ደረቅ ነው ያልኸው ባሕር ለእኔ በቅሎ አፈለቀ" አሉኝ።

በገበያው ቀን ጭቃ ሹሙ በአዲሷ በቅሏቸው፣ እኔ በበቅሎዬ፣ አያ ድረስ በእግራቸው ወረድን። ጉማራ ሞልቶ ጠበቀን። አያ ድረስ ከዳር ቆመው ወንዙን አዩ፤ ቀና ብለው እኔን አዩ።

"ይኸንንስ ረግቷል ትለኝ?"

"ይኸስ ውሃ ነው አያ፤ እዚህ ላይ እርስዎ ረትተዋል" አልኋቸውና ከኋላዬ አፈናጥጬ አሻገርኋቸው።