የጊንጪዋ ልጅ ዕድሜ

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አብራችሁ የምትሠራ ሴት ለሌላው መምህር ሻይ ላይ ስኳሩን ሳትጠይቀው ጨምራለት፣ እናንተን ግን በየቀኑ «ስንት ላድርግልህ?» ብትላችሁ ምን ይሰማችኋል? ምንም? እንግዲያው ጤነኞች ናችሁ። እኔ ግን ቆጥሬያለሁ። ለገመቹ ሦስት ማንኪያ ነው። አንድ ጊዜ አራት ሆኖ ነበር፤ ያንን ቀን እስካሁን አልረሳሁትም።

አምቦ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ገመቹ የስፖርት መምህራችን ነው። ሻዩን የምታቀርበው ሌሊሴ ደግሞ የአፋን ኦሮሞ መምህርት ናት። ለእሷ የምነግራት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረኝ። ዓመት ሙሉ እየጻፍኩ እየሰረዝኩ ቆየሁ።

አንድ ሰኞ ሌሊሴ የመምህራን ክፍሉ ሰሌዳ ላይ እንቆቅልሽ ጻፈች። ጊንጪ የምትኖረው እህቷ ጫልቱ ሦስት ልጆች አሏት። ዕድሜያቸው ሲባዛ አርባ፣ ሲደመር ዐሥራ አራት ይሆናል። መንታ የለም። እስከ ዓርብ በትክክል የመለሰውን እሑድ ጊንጪ ይዛው ትሄዳለች፤ እህቷ ጨጨብሳ ትሠራለች።

እኔ የታየኝ ጨጨብሳው አይደለም። ከአምቦ እስከ ጊንጪ ከጎኗ መቀመጡ ነው። ገመቹ ይቀመጥ ይሆናል ብዬ ሳስብማ ምሳዬን ትቼ ወረቀት አወጣሁ።

ተባዝተው አርባ የሚሆኑ ሦስት ቁጥሮችን በሠንጠረዥ አሰፈርኩ። ስድስት ረድፍ ወጣ። ድምራቸው ዐሥራ አራት የሚመጣው ሁለቱ ብቻ ናቸው፦ ስምንት፣ አምስት፣ አንድ፤ ወይም ዐሥር፣ ሁለት፣ ሁለት። መንታ ስለሌለ ሁለተኛው ይወድቃል። አለቀ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ወረቀቱን ያጥፍ ነበር። እኔ ግን ተጠራጠርኩ። አንዱ መስከረም ላይ፣ ሌላው እዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ቢወለዱስ? መንታ ሳይሆኑ ሁለቱም ሁለት ዓመት ሊባሉ አይችሉም? የባዮሎጂ መምህራችንን ጠየቅኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ካዩኝ በኋላ፣ ይቻላል፣ ግን ለእናትየዋ ማዘን ነው አሉኝ። ይህንንም በግርጌ ማስታወሻ አስገባሁት።

ዓርብ ደረሰ። እኔ አንድ ገጽ ተኩል አስረከብኩ። ገመቹ ከስም መጥሪያ ወረቀት ጀርባ ላይ ሦስት ቁጥር ጽፎ ሰጣት፦ ሰባት፣ አምስት፣ አንድ።

ሌሊሴ ሳቀች። «ቲቸር ገመቹ፣ ሰባት ጊዜ አምስት እኮ ሠላሳ አምስት ነው።»

«እኔ የተነገረኝን ነው የጻፍኩት» አለ።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ እንዲያውም ከሁሉም በኋላ ያቆምኩት እኔ ነበርኩ። ማነው የነገረህ ብሎ የጠየቀው ግን አልነበረም።

እሑድ በሚኒባስ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ለመጨረሻ ጊዜ በልቤ ማስተካከል ጀመርኩ። ስጨርስ ረዳቱ «ጊንጪ ወራጅ!» ይላል።

የጫልቱ ትልቋ ልጅ ሲፈን በር ላይ ጠበቀችን። አየችኝ፣ ከኋላዬም አየች። «ገመቹን ኤሳ ጅራ?» አለች። ገመቹ የት አለ ማለቷ ነው። እግሯ ሥር አዲስ ኳስ ነበር።

ነገሩን ጫልቱ ናት ያፍታታችው። ረቡዕ ዕለት አንድ ጎበዝ ልጅ ኳስ ይዞ መጣ። ሌሊሴ እንቆቅልሽ ሰጥታን ነው፣ ስሌት ስለማይሆንልኝ የልጆቹን እናት ልጠይቅ ብዬ ነው አለ። እሷም ሰው ይህን ያህል መንገድ መጥቶ እንዴት ይዋሻል ብላ እውነቱን ነገረችው። ሲፈን ሰባት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ካልሄድኩ ብላ ስታለቅስ፣ ሲያስመዘግቧት አንድ ዓመት ጨምረውላት ነው ስምንት የሆነችው። ሌሊሴ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ስለነበረች የምታውቀው የትምህርት ቤት ካርዷ ላይ ያለውን ዕድሜ ነው።

እንግዲህ አስቡት። ስሌቱ የእኔ ትክክል ነው። ልጅቷ ግን የገመቹ መልስ ናት።

ሌሊሴ ጉርሻዋን እንደያዘች ቀረች። «ሦስት ቁጥር ለማወቅ ጊንጪ ድረስ?» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ግን ሳምንቱን ሙሉ አጠገቤ ነበርክ። ለምን አልጠየቅኸኝም?»

እንቆቅልሽ አይጠየቅም፣ ይፈታል እንጂ አልኳት። ትክክለኛ መልስ ነው። ስልኳን ይዛ ወጣች። ሳቋ ከግቢው ሲሰማ ሲፈን የማባዛት የቤት ሥራዋን አምጥታ እይልኝ አለችኝ። ሁሉንም አግኝታዋለች።

በዓመቱ የሌሊሴና የገመቹ ሠርግ ሆነ። ሒሳብ አዋቂ ነው ተባልኩና የድንኳኑን ወንበር ማስላት ለእኔ ተሰጠ። የተጠሩትን በቤተሰብ በቤተሰብ ዘርዝሬ፣ ሠንጠረዥ ሠርቼ፣ ሦስት ጊዜ አረጋገጥኩ። በሠርጉ ቀን ሰው ሁሉ ሲቀመጥ አንድ ወንበር ጎደለ። ቆሜ የቀረሁት እኔ ነኝ። ራሴን አልቆጠርኩም ነበር።

ስህተት ነው ወይስ ቅናት? እሱን አላረጋገጥኩም።