ክብርት ይደገም እና ያልተመለሰው ውሃ

«ታሞ ነው ወይስ ወቅቱ ነው?» ክብርት ይደገም ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ሊመልሱት የተነሡት ጥያቄ ይህ ነው። የተጠረጠረው ታማሚ ባሕሩ ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ በሩን ቆልፎ፣ ደረጃውን ወርዶ፣ መቆለፉን ለማየት ተመልሶ የሚወጣ ሰው አይጠፋም። በእኛ ላቦራቶሪ ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት አለቃዬ ናቸው። ምንም ቁጥር ይዘን ብንቀርብ መልሳቸው «ይደገም!» ነው፤ «ክብርት ይደገም» ያልናቸውም ለዚህ ነው። ሻያቸውን እንኳ ሁለት ጊዜ ቀምሰው ነው የሚያምኑት።

ነገሩን ላስረዳ፤ ማስረዳት ደስ ይለኛል። ኮራል ትንሽ እንስሳ ነው፤ ቤቱን የሚገነባው ከውሃው በሚያገኘው ኖራ መሰል ማዕድን ነው። ውሃው ወደ አሲድነት ባዘነበለ ቁጥር ግንባታው ይከብደዋል። የእኛ ባሕር በሞቃቱ ወራት ያዘነብላል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ይህ ወቅት ነው። የሚያስፈራው ሳይመለስ የቀረ እንደሆነ ነው፤ ባሕሩ ከምንለቀው ጭስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከአየር እየዋጠ ወደ አሲድ ይለውጠዋልና።

አንድ ሰሞን ውሃውን የምቀዳው እኔ ነበርኩ። ቁጥሮቹ እንዴት ያምሩ ነበር! እየሮጥኩ ገባሁ።

«እትዬ፣ ባሕሩ አገገመ!»

«በስንት ሰዓት ቀዳህ?»

«ከቁርስ በኋላ፣ ፀሐይዋ ሞቅ ስትል።»

«ፀሐይ ስትወጣ የባሕር አረሙ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይመጥጠዋል፤ ውሃው ለጊዜው ያምርበታል። እኔ የምቀዳው ጎህ ሲቀድ ነው። አንተ የለካኸው ባሕሩን አይደለም፣ እንቅልፍህን ነው። ይደገም!»

ሰው አያምኑም ብዬ አማኋቸው።

ባለፈው ወር የሃያ ስድስቱን ዓመት ልኬት የሚያሳየውን መስመር ግድግዳው ላይ ለጠፉት፤ መስመሩ ሲወርድ አሲዱ በርትቷል ማለት ነው። መስመሩ ይወርዳል፣ ይወጣል፤ ግን በየጊዜው ሲወጣ ከበፊቱ ትንሽ ዝቅ ይላል። የዘንድሮው ምርጥ ወር ከመጀመሪያው ዓመት መጥፎ ወር ጋር እኩል ሆኗል።

«እትዬ፣ ሦስቴ ደግመነዋል እኮ።»

«አውቃለሁ ልጄ» አሉኝ፤ መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ። «ይህን ሁሉ ዓመት ስህተቴን ስፈልግ ነው የኖርኩት። ስህተቱ የኔ ቢሆን ኮራሉ ይተርፍ ነበር።»

ለካ እኚህ ሴት የኛን ሥራ ንቀው አያውቁም። ፈርተው ነው። እኔም ከዚያን ቀን ወዲህ ሳልታዘዝ እደግማለሁ።

አሁን የአየር አረፋ ሳይገባባቸው የታሸጉ ስድስት ጠርሙስ የባሕር ውሃ በጨርቅ እየጠቀለሉ ነው፤ እኔ ሳጥኑን ይዤላቸዋለሁ። በሌላ መሣሪያ ለሚለኩ፣ አይተዋቸው ለማያውቋቸው ሰዎች ሊልኩት ነው። ደብዳቤው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «እባካችሁ፣ የት ላይ እንደተሳሳትኩ ፈልጉልኝ።»