የሰረዝነው አንቀጽና የተውናቸው ፈረሶች

ውል የሚባል ነገር ከላይ እስከ ታች አንብባችሁ ጨርሳችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም። ስልኬ "እስማማለሁ" በል ሲለኝ እስማማለሁ። ከስልክ ጋር ምን ያከራክረኛል? ጉዱ ከሰው ጋር ሲሆን ነው።

በኮሮናው መጀመሪያ ኢስተን በሚባለው ሰፈር የምሠራበት ሆቴል እንግዳ ጠፋና አሰናበቱን። ቤት ተቀምጬ ሚስቴን ማሰልቸት ስጀምር ጋሼ ወርቁ ደወሉ። ሂልቶፕ አካባቢ ጋሼ ወርቁን የማያውቅ ሐበሻ የለም። በዲቪ ስመጣ ኤርፖርት የተቀበሉኝ፣ ሳሎናቸው ያስተኙኝ፣ በገዛ መኪናቸው መንዳት ያለማመዱኝ እሳቸው ናቸው። አባቴ እንኳ መኪና ቢኖረው ያን ያህል አይታገሠኝም ነበር። "ሕመምተኛ የሚያመላልስ ቫን እንጀምር" አሉኝ። መንዳት የማይችሉ አዛውንቶችን ለሐኪም ቀጠሯቸው ወስዶ መመለስ ነው። ሁለት ቫን፣ ሁለት ሾፌር፣ ሁለት ሸሪክ።

ሚስቴ "መጀመሪያ ውል ጻፉ" አለች። ጋሼ ወርቁ ቅር አላቸው። በእኔና በአንተ መሃል ወረቀት ምን ይሠራል አሉ። እኔም አፈርኩ። መቼም ታውቁታላችሁ፣ በእኛ ዘንድ "እንፈራረም" ማለት "አላምንህም" ማለት ነው። ለቤት አከራይ የማናነበውን ክምር ወረቀት እንፈርማለን፣ ለወዳጅ ግን አንዲት ገጽ ነውር ናት። ሚስቴ አልለቀቀችንም፤ ስለዚህ ከኢንተርኔት ቴምፕሌት አወረድኩ። ቴምፕሌት ሌላ ሰው ጽፎ የጨረሰው፣ እናንተ ስማችሁን ብቻ የምትሞሉበት ውል ነው። የሰው ኮት ተውሶ ሰርግ እንደመሄድ ነው፤ ልክ ከሆነ እሰየው።

የኛ ኮት ለካ የፈረስ አርቢዎች ነበር። እነ ጋሼ ወርቁ ወጥ ቤት ተቀምጠን ስናነበው መሃል ላይ "የጋራ ፈረሶችን ሰኮና በየወቅቱ ማስከርከም የሁለቱም ሸሪኮች ግዴታ ነው" የሚል አንቀጽ አገኘን። ላጠፋው ስል ጋሼ ወርቁ እጄን ያዙኝ።

"አትንካው። የሞተር ጉልበት የሚለካው በፈረስ አይደል? የሕግ ሰው ያለ ምክንያት አይጽፍም።"

ተውኩት። መጨረሻው ላይ ስንደርስ ደግሞ ማናቸውም ሸሪክ አስቀድሞ አስታውቆ መውጣት ይችላል፣ ምክንያቱንም የመናገር ግዴታ የለበትም ይላል። ይሄ ግልጽ ነው፤ ሁለታችንም ገባን። የገባን ዕለት ነው እንግዲህ የተበላሸው። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ከምድጃው አጠገብ አማተቡ። ገና ሳትጀምሩ ስለ መለያየት? ሟርት ነው አሉ። ጋሼ ወርቁም መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። "በሰርግ ቀን ስለ ፍቺ የሚያወራ ሚዜ አይተህ ታውቃለህ?"

አላየሁም። ሰረዝኩት። በቦታው "አለመግባባት ቢፈጠር፣ እግዚአብሔር አያምጣውና፣ በሽማግሌ ይታያል" ብለው አጻፉኝ። እኔም በእንግሊዝኛ፣ ከነእግዚአብሔሩ፣ እንዳለ አስገባሁትና ፈረምን። ያልገባንን እንዳለ ትተን የገባንን የሰረዝን ሰዎች ነን።

የመጀመሪያው ዓመት መልካም ነበር። ጋሼ ወርቁ የሚያመላልሷቸውን አሮጊቶች ሁሉ "ማሚ" እያሉ፣ ዕቃቸውን ተሸክመው ደጃፍ ድረስ ያደርሳሉ። ፈረንጆቹ ሴቶች ከእሳቸው ሌላ ሾፌር አንፈልግም እስከማለት ደረሱ። በሁለተኛው ዓመት ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ግን ሰውዬው ተለወጡብኝ። ቫኑ ቆሸሸ፣ ስልክ አታነሳም፣ ሁሉም ነገር ጥፋቴ ሆነ። ከሁሉ የከፋው የምሽቱ ጉዞ ነው። "ሼጁሉን ማን ነው ኮንፈርም ያደረገው? ለምንድን ነው የምሽቱን ለእኔ የምትመድበው?" ይሉኛል። በስንት ዓመት ያልሰማሁትን ቁጣ በአንድ መኸር ሰማሁ። ከፍቶኝ ሰነበትኩ። የሰለቸኋቸው መሰለኝ።

ውላችን በሽማግሌ ይላል፤ ሽማግሌ ጠራሁ። ከቅዳሴ በኋላ ሦስት የተከበሩ ሰዎች ጭምብላቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተቀመጡ። መቼም የኛ ሽማግሌ ያስታርቃል እንጂ አያለያይም። ማለያየት ማንም አላስተማረውም። ግራ ቀኙን ሰሙና፣ እኔ ቫኖቹን እንዳጥብ፣ ጋሼ ወርቁ ደግሞ የምሽቱን ጉዞ እኩል እንዲካፈሉ ፈረዱ። ጋሼ ወርቁ አፋቸውን ከፈቱ፤ የሆነ ነገር ሊናገሩ ነበር። ከዚያ "እሺ፣ የሽማግሌ ቃል አይረገጥም" አሉና ተነሥተው ሳሙኝ። እኔ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ።

ክረምቱ ገባ። አንድ በረዶ የጣለበት ቀን፣ ሊመሽ ሲል፣ ጋሼ ወርቁ የመጨረሻዋን ተሳፋሪ አውርደው ሲመለሱ ብሮድ ስትሪት ላይ ከመብራት ምሰሶ ጋር ተጋጩ። ብቻቸውን መሆናቸው የእግዜር ቸርነት ነው። የጎድን አጥንታቸው ተሰበረ። ሆስፒታል ስደርስ ከምትኖርበት ከሉዊስ ሴንተር የመጣችው ልጃቸው ሣራ ኮሪደሩ ላይ አገኘችኝ።

"ዓይናቸው ላይ ካታራክት፣ ሞራ አለ። ሲመሽ አያዩም" አለችኝ። "ኩዊት ማድረግ ፈልገው ነበር፤ እንዴት ጥዬው እወጣለሁ አሉ። ይቆጡህ የነበረውም አንተው ራስህ በቃ እንድትላቸው ብለው ነው።"

እኔ ደግሞ ሽማግሌ ጠርቼ አስታረቅኳቸው። አስታርቄም ወደ ጨለማው ላክኋቸው። ምክንያት የመናገር ግዴታ የለበትም የሚለው አንቀጽ እኮ ለሳቸው የተጻፈ ነበር። አንዲት አጭር መልእክት ልከው፣ ስለ ዓይናቸው ትንፍሽ ሳይሉ፣ በክብር ቤታቸው በተቀመጡ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ውል ለጠላት ይመስለኝ ነበር። ከጠላት ጋርማ ማን ይሸረካል? ውል ለወዳጅ ነው፤ ወዳጅ ሳያፍር እንዲወጣበት። ይህንኑ ባለፈው ሰሞን ጋራዥ ሊከፍቱ ላሉ ሁለት ጓደኛሞች ነገርኳቸው። ከሁሉ በፊት እንዴት እንደምትለያዩ ጻፉ አልኩ። "ጋሼ፣ ክፉ አያናግርዎ" ብለውኝ ሄዱ።

ጋሼ ወርቁ አሁን ልጃቸው ጋ ይኖራሉ። ስደውል ሣራ ናት የምታነሳው። አልተቀየሙህም፣ አፍረው ነው ትለኛለች። መቀየማቸው ይሻለኝ ነበር፤ ለቅያሜ ሽማግሌ አለ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሲያዩኝ በሌላኛው በር ይወጣሉ። ናፍቀውኛል።

ቫኖቹን ሸጥናቸው፤ እሱንም ሣራ መሃል ገብታ ነው የጨረሰችው። ውሉ ግን እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። መውጫውን ስለሰረዝነው አሁንም ሸሪኮች ናችሁ ይላል። አንዳንዴ አውጥቼ አነበዋለሁ። ሁለታችንን አንድ ላይ የሚያስቀምጥ ሌላ ምንም አንቀጽ የለውም፤ ያቺ የሁለቱም ሸሪኮች ግዴታ ነው የምትለው የሰኮናዋ ብቻ ናት። ምናለ ፈረስ በኖረን።