መሪ ያልያዙ ሾፌሮች

በእኛ አገር መኪና ውስጥ ተሳፋሪ የሚባል ሰው የለም። መሪ የያዘ ሾፌር አለ፤ መሪ ያልያዙ ሾፌሮች አሉ። ታክሲ ውስጥ ተቀምጣችሁ ቀኝ እግራችሁ የሌለ ፍሬን ረግጦ አያውቅም? እንግዲያው ትረዱኛላችሁ።

ወንድሜ ሽማግሌ የላከ ጊዜ ነው። የልጅቷ አባት የሚኖሩት ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ፣ አስፋልቱ አልቆ ፒስታው ከጀመረ በኋላ ነው። ሽማግሌዎቹ አንዴ ሄደው፣ እንደ ወጉ «ተመካክረን እናሳውቃችሁ» ተብለው ተመልሰዋል። ይኼኛው የቁርጡ ቀን ነበር። ማርፈድ ንቀት ነው፤ ወንድሜ ደግሞ ልጅቷን ቢከለከል ምን እንደሚሆን ፊቱ ይናገራል።

ከባምቢስ አካባቢ አንዲት ነጭ መኪና ከነሾፌሯ ተከራየን። በማለዳው ሾፌሩ ታመመ። ወንድሜ አግቢ ነውና ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ሽማግሌዎቹ መንዳት አይችሉም። ካዛንቺስ፣ ሳሎናችን ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። መንጃ ፈቃድ ነበረኛ! እስከዚያ ቀን ያገለገለኝ ግን ቤተ መጻሕፍት ስገባ እንደ መታወቂያ ነው።

ጎረቤታችን ጋሽ አየለ ከፊት፣ ባለሱቁ ሐጂ ሙክታር ከኋላ ተቀመጡ። ሦስተኛው ሽማግሌ መንገዱን ሙሉ ስለተኙ እዚህ ወግ ውስጥ የሉም።

ጠጠሩ ላይ እንደወጣን መኪናዋ የሳሙና ውሃ የፈሰሰበት ወለል ላይ እንደሚራመድ ሰው መንሸራተት ቃጣት። ፍጥነት ቀነስኩ። ጠጠር ላይ ፍሬን በድንገት እንደማይረገጥ፣ መሪም በድንገት እንደማይጠመዘዝ አንብቤያለሁ። ጠጠር ከሚተኩስብን አይሱዙ ራቅሁ። እግረኛ ባየሁ ቁጥር ደግሞ አቧራ እንዳላለብሰው ጭራሽ እንፏቀቃለሁ። መድረሻችን አቅራቢያ አንድ ነጭ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ጋ ስንደርስ ጋሽ አየለ አልቻሉም።

«አንቺ ልጅ፣ ቀብር ነው እንዴ የምንሄደው? ንጂው እንጂ!»

«ሰውዬው አቧራ እንዳይለብሱ ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«እሱ አቧራውን ለምዶታል!»

«ተዋት እባክህ አየለ» አሉ ሐጂ። «ብናረፍድ ይቅርታ እንጠይቃለን። ሞቶ ግን ሽምግልና የለም።»

አረፈድን። ጋሽ አየለ ይቅርታቸውን እያጠኑ ገቡ፤ እኔ መኪና ውስጥ ተደበቅሁ። ትንሽ ቆይቶ ተጠራሁ። ስገባ፣ ያ ነጭ ጋቢ ከልጅቷ አባት ጎን ተቀምጧል። ለካ እሳቸው ሳይመጡ ነገር የማይጀመረው ታላቅ አጎቷ ኖረዋል፤ በእግራቸው ከኋላችን ደረሱ። ጋቢያቸው እንደነጣ ነው።

«መኪና ሁሉ አቧራ አልብሶኝ ያልፋል» አሉ አጎትየው። «ይህቺ ልጅ ግን ቀስ አለችልኝ። እሷን ካሳደገ ቤት ልጃችን ብትገባ ምን ይከፋል?»

አባትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። አለቀ። ወንድሜ አገባ ማለት ነው።

ጋሽ አየለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መንገዱን ሙሉ ቀስ በይ፣ ቀስ በይ ስላት የነበርኩት እኔ ነኝ።»

ሐጂ ቀና ብለው ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። እኔ አቀረቀርኩ።

ተመርቀን፣ ተሸኝተን ገና ከግቢው እንደወጣን ጋሽ አየለ ሰዓታቸውን አዩ።

«በይ አሁን ንጂው» አሉኝ፤ «አጎትየው እቤት ናቸው።»