ድንኳን የያዙ ክሪስታሎች

ሰው የማይሰበስበው ነገር የለም። አንዱ ባዶ ጠርሙስ ያከማቻል፤ አንዷ «ለአንድ ቀን ይሆናል» እያለች ፌስታል በፌስታል ውስጥ ታጭቃለች፤ እኔ ደግሞ፣ ባለቤቴን ካመናችኋት፣ ቂም እሰበስባለሁ። እናንተም አትሳቁ፤ አልጋችሁ ስር ጎንበስ ብትሉ የሆነ ነገር አታጡም። ሰብሳቢ ሁሉ ስላገኘው ነገር ሲያወራ አፉ አይደክምም። ያ ነገር የተቀመጠበት ቦታ የማን እንደነበረ ግን አይነግራችሁም።

ጎረቤቴ ጋሽ ደረሰ የሚሰበስበው ድንጋይ ነው። ድንጋይ ስላችሁ የአጥር ድንጋይ እንዳይመስላችሁ። ከውጭ ስታዩት ለመራገጥ እንኳ የማያጓጓ ድቡልቡል አለት ነው፤ እሱ በመሮ ቀስ አድርጎ ሲከፍተው ግን ውስጡ ዋሻ፣ ዋሻው ዙሪያውን ጫፋቸው የሾለ፣ አንዱ እንደ ውሃ የጠራ፣ አንዱ ሐምራዊ ክሪስታል። የፋብሪካ መካኒክ በነበረበት ዘመን የእረፍት ቀኑን የሚያሳልፈው በአንኮበር ቁልቁለት ነበር። መንገድ ሠሪዎች የናዱትን አለት ሲፈለፍል ውሎ፣ ያገኘውን እንደ አራስ ልጅ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወደ ደብረ ብርሃን ይመለሳል። ለእሱ አንድ ሕግ ብቻ አለ፦ የክሪስታል ጫፍ ከተነካ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ ጠጠር ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ክሪስታል የት ይቀመጣል? ሳሎን መሆን በነበረበት ትልቁ ክፍል ነዋ! በቢራ ሳጥን ተደርድሮ፣ በጋዜጣ ተሸፍኖ፣ በሩ ተቆልፎበት። ባለቤቱ እትዬ ዘነቡ እንግዳዋን የምታስተናግደው ጓዳ ውስጥ፣ በዱካ ላይ ነበር። ሰው ደግሞ ትወዳለች፤ ጓዳዋ ሞልቶ ውጭ የሚቆም አይጠፋም ነበር። ለበዓል ለበዓል «አንተ ሰው፣ ይሄን ክፍል ልቀቅልኝና እንደ ሰው ሰው ላስገባበት» ትለዋለች። እሱም «ጫፋቸው እንዳይነካ ነው እኮ፤ ለመጪው ዓመት መደርደሪያ አሠራለሁ» ይላታል። እኛ ጎረቤቶች በዚህ እንስቅ ነበር። አሁን ሳስበው ምኑ እንዳሳቀን አላውቅም።

በጥር እትዬ ዘነቡ ሞተች። ሁለት ቀን ታመመች፣ በቃ።

የእድራችን ንብረት ያዥ እኔ ነኝና ድንኳኑን ይዤ በማለዳ ደረስኩ። ሴቶቹ ለለቀስተኛ ቦታ ሲያጡ ትልቁን ክፍል አስከፍተው ሳጥኑን ሁሉ በረንዳ ላይ አወጡት። ማንን ይጠይቁ? ጋሽ ደረሰ እንደሆነ በሐዘን ራሱን አያውቅም። ድንኳኑን ተከልን፤ ግቢው ኮብልስቶን ስለሆነ ችካል አይገባም፤ ገመዱን አሸዋ በሞላንባቸው ጆንያዎች ላይ አሰርንና ሕዝቡ ወደ ቀብር ሄደ። እኔ አግዳሚ ወንበር ላመጣ ወጣሁ።

የደብረ ብርሃንን የጥር ነፋስ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ስመለስ ድንኳኑ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ግቢ የቀሩት ወንዶች ላባቸውን እየጠረጉ «ሊበር ነበር እኮ! ደግነቱ በረንዳው ላይ ድንጋይ ሞልቶ አገኘን» አሉኝ።

ዝቅ ብዬ አየሁ። ሐምራዊው በገመድ ተጠፍሯል። እንደ ውሃ የጠራው በአፍጢሙ ተደፍቶ የድንኳኑን ጠርዝ ተጭኗል። ስራመድ ከእግሬ ስር እንደ ብርጭቆ ስብርባሪ ይንኮሻኮሻል። ፍቱት እንዳልል ድንኳኑ ለቀስተኛው ላይ ሊወድቅ ነው። ደግሞስ ሚስቱን ቀብሮ ለሚመጣ ሰው ስለ ድንጋይ በምን አፍ ይወራል? ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ።

ጋሽ ደረሰ ከቀብር መልስ በሁለት ሰው ተደግፎ ገባና ቆመ። በገመድ የተጠፈረውን ክሪስታል አየው። ደጋፊዎቹ ራሱን ሊጥል መስሏቸው አጥብቀው ያዙት።

«ልቀቁኝ፤ የትም አልሄድም» አለ። ጎንበስ ብሎ አንድ የተሰበረ ጫፍ አነሳ፤ መዳፉ ላይ ትንሽ አገላብጦ መልሶ ጣለው። ከዚያ ወደ ትልቁ ክፍል በር ሄዶ ወደ ውስጥ ተመለከተ። ዙሪያውን ሰው ነው። ከደነባ የመጣችው የሟች እህት፣ የሰፈሩ ሴቶች፣ የደብሩ ቄስ፣ ሁሉም ቀድመውት ገብተው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«ይሄ ሁሉ ሰው እዚህ ክፍል ይበቃል እንዴ?» አለኝ።

«ይበቃል ጋሼ። ሌላም ይጨምራል።»

«ዘነቡዬን!» አለና በሩ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። መቃብሩ ላይ አላለቀሰም አሉኝ፤ ያን ሁሉ እዚያ አለቀሰው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አዘንኩለት፤ በዚያው መጠን ተናደድኩበት። ለቅሶ እየደረሱ በሟች ባል መናደድ ነውር ነው፤ ግን ተናደድኩ።

ነፋሱ እንደገና ሲነሳ የድንኳኑ አንድ ጥግ ተገለበጠ። ወንዶቹ ከመድረሳቸው በፊት ጋሽ ደረሰ ብድግ ብሎ ከመኝታ ቤት በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አቅፎ ወጣ። ለማንም አሳይቶት የማያውቀው፣ ጨቅላ ልጅ የሚያህል፣ አንድም ጫፉ ያልተነካ ክሪስታል ነበር። ጠርዙ ላይ አስቀመጠው፤ ገመዱንም ራሱ ጠምጥሞ አጠበቀው። ሲሰበር ሰማነው። እሱ ቀና አላለም።

ሰልስቱ አልፎ ድንኳኑን ስናነሳ የተረፈውን ለቅሜ ላስረክበው ብል «ለእድሩ ይሁን» አለ። ስለዚህ በእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ድንኳኑን የሚይዘው ክሪስታል ነው። ከሩቅ የመጣ ለቀስተኛ ጎንበስ ብሎ እያየ ይገረማል።

ባለፈው እሁድ ልጠይቀው ገባሁ። ትልቁ ክፍል ቀለም ተቀብቷል፤ አዲስ ሶፋ ዙሪያውን ተደርድሯል፤ ፕላስቲኩ ገና አልተነሳለትም። እሱ አንዱ ጥግ ላይ ብቻውን፣ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። ፕላስቲኩ ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ልወጣ ስነሳ እስከ በሩ ሸኘኝ።

«አልፎ አልፎ ብቅ በል» አለኝ። «ቦታ እንደሆነ ሞልቷል።»